ውጭ አገር ስትሄዱ አልጋችሁን ራሳችሁ ያዙ



ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አረፍ ብላችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ናቸው። "ቲቸር፣ ለስልጠና እንግሊዝ ልሄድ ነው፣ የት ልረፍ?" "ቲቸር፣ ለቪዛ የሆቴል ቡኪንግ የሚያወጣ የሚያውቁት ሰው አለ?" "ቲቸር፣ ለንደን ያክስቴ ልጅ አለች፣ ሦስት ሳምንት እሷ ጋ ባርፍ ምን ይመስልዎታል?" ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ እዚህ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ። ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ማደሪያውን ለደላላም ለዘመድም መተው የለበትም። ራሱ ይፈልግ፣ በራሱ ስም ይያዝ፣ በራሱ ገንዘብ ይክፈል። ለዚህ ደግሞ እንደኛ ኪሱ ሳሳ ላለ መንገደኛ ከትልልቅ ሆቴል ይልቅ የሚያዋጣው እንግሊዞች "ቤድ ኤንድ ብሬክፋስት" የሚሉት፣ በእኛ ቋንቋ "አልጋና ቁርስ" ልንለው የምንችለው ማደሪያ ነው።

እኔ ትምህርት ቤታችን ከአንድ የእንግሊዝ ትምህርት ቤት ጋር በነበረው ግንኙነት ሄጄ ሁለት ሳምንት ቆይቻለሁ። ባዝ ከተማም፣ ስኮትላንድ ውስጥ ኤድንብራም ያደርኩት እንደዚህ ባሉ ቤቶች ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለው በዋናነት የብሪታንያን ነው። ወደ ሌላው አውሮፓ የምትሄዱም የሚጠቅማችሁ ነገር አታጡበትም።

ለመሆኑ ነገርዬው ምንድን ነው?

እዚህ አገር "አልጋ ቤት" ስንል አእምሯችን ላይ የሚመጣው ሌላ ነው። ያንን እርሱት። አልጋና ቁርስ ማለት ሰው የሚኖርበት ቤት ነው። ባልና ሚስት ልጆቻቸው አድገው ሲወጡ የተረፏቸውን ሦስት አራት ክፍሎች ለመንገደኛ ያከራያሉ። ራሳቸው ምድር ቤት ወይም ከላይ ይኖራሉ። ጠዋት ተነስተው ቁርስ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ምሳ የለም፣ እራት የለም፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቃችሁ እንግዳ ተቀባይም የለም። የውጭ በር ቁልፍ ይሰጧችኋል፣ እንደ ቤት ልጅ ትወጣላችሁ ትገባላችሁ። አንዳንዱ ቤት ዛሬም መስኮቱ ላይ "ቫካንሲስ" የሚል ምልክት ይሰቅላል፤ ክፍል አለን ማለት ነው። "ኖ ቫካንሲስ" ካለ ሞልቷል፣ ወደሚቀጥለው በር ነው።

ብዙዎቻችሁ ኤርቢኤንቢን ታውቁታላችሁ። ስሙ ራሱ ከዚሁ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የቤት ኪራይ የከበዳቸው ወጣቶች ከተማዋ ውስጥ ትልቅ የዲዛይን ጉባኤ ተካሂዶ ሆቴል ሲሞላ፣ ሳሎናቸው ውስጥ አየር የሚሞሉ ፍራሾችን አንጥፈው ቁርስ ጨምረው በ80 ዶላር ማሳደር ጀመሩ። "ኤር ቤድ ኤንድ ብሬክፋስት" ብለው ሰየሙት፤ በኋላ አሳጠሩት። ዛሬ ግን እዚያ ላይ የምታገኙት አብዛኛው ባለቤቱ የማይታይበት ሙሉ አፓርታማ ነው። ቁልፉን ግድግዳ ላይ ካለች ትንሽ ሳጥን በኮድ አውጥታችሁ ትገባላችሁ፣ ሰው ሳታዩ ትወጣላችሁ። መጥፎ ነው አልልም፣ ግን እኔ የማወራው ስለዚያ አይደለም። እኔ የማወራው ባለቤቱ ቤት ውስጥ ስላለበት ማደሪያ ነው።

ደግሞ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን ሲመሽባቸው አንዱ ደጃፍ ቆመው "የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ" ይሉ ነበር። ባለቤቱም "ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ" ይላል። እግር ይታጠባል፣ ያለው ይቀርባል፣ መደብ ላይ ይነጠፋል። ልዩነቱ እንግሊዞቹ ሒሳብ መጠየቃቸው ብቻ ነው። የሰው ቤት ገብቶ በሥርዓት ማደር ለእኛ ትምህርት አያስፈልገውም፣ ያደግንበት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልግባ።

የደላላው ወረቀት

ለሸንገን ቪዛ ስታመለክቱ የት እንደምታርፉ የሚያሳይ ማስረጃ ትጠየቃላችሁ። ይሄ ግዴታ ነው። ከዚህ የተነሳ "ሆቴል ቡኪንግ እናወጣለን" የሚሉ ሰዎች በየሕንፃው ሥር ሞልተዋል። ትንሽ ብር ትከፍላላችሁ፣ የሚያምር ወረቀት ይሰጣችኋል፣ ስማችሁ አለበት፣ የሆቴሉ ስም አለበት፣ የማረጋገጫ ቁጥርም አለበት። የሌለው አልጋው ብቻ ነው። ወይ ከመነሻው አልተያዘም፣ ወይ ወረቀቱ ከታተመ በኋላ በማግሥቱ ተሰርዟል።

አንዲት ጎበዝ የቀድሞ ተማሪዬ በዚህ ምክንያት ቪዛ ተከልክላለች። የስልጠናው ግብዣ እውነተኛ ነበር፣ የመሥሪያ ቤቷ ደብዳቤ እውነተኛ ነበር፣ የባንክ ሒሳቧም እውነተኛ ነበር። ውሸቱ ያ አንድ ወረቀት ብቻ ነው። የቆንስላው ሰው ሲያጣራ እንዲህ ያለ እንግዳ አልመዘገብንም ተባለ። በቃ! ሌላው ሁሉ እውነት አብሮ ወደቀ። ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው፤ "ሌላው ሰው ይማርበት" ብላኛለች።

ይሄ ቀልድ አይደለም። የሸንገን አገሮች የጋራ የቪዛ መዝገብ አላቸው፤ አንዱ ጋ የተከለከላችሁት ሌላው ጋ ይታያል፣ መረጃው እስከ 5 ዓመት ይቆያል። እንግሊዝ ደግሞ ይብሳል። በማመልከቻ ላይ ሐሰተኛ ሰነድ አቅርቦ ማታለሉ የተረጋገጠበት ሰው እስከ 10 ዓመት ድረስ ቪዛ ሊከለከል ይችላል። 10 ዓመት! 25 ዓመት የሞላው ልጅ 35 እስኪሞላው ማለት ነው። ለአንድ ወረቀት?

የሚያሳዝነው ደግሞ የእንግሊዝ ቪዛ የሆቴል ቡኪንግ ወረቀት አያስፈልገውም። ፎርሙ ላይ የት ለማረፍ እንዳሰባችሁ ትጠየቃላችሁ እንጂ የተከፈለ ቡኪንግ አምጡ አይባልም። ሰው ግን "ለሁሉም ያስፈልጋል" ሲባል ሰምቶ ላልተጠየቀበት ነገር ውሸት ይገዛል።

በዚያ ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን አሁን ይበልጥ መጠንቀቅ ያለብን ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት በእኛ ላይ የቪዛ ገደብ ጥሏል። የማመልከቻ መደበኛ መልስ መስጫ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ለብዙ ጊዜ መግቢያ የሚሆን ቪዛ መስጠት ቆሟል፤ ለአንዳንድ አመልካች ይደረግ የነበረው የሰነድ ማቅለልም ቀርቷል። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ክፍያው ከ80 ወደ 90 ዩሮ አድጓል። ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድንም ትገዛላችሁ። ይሄን ሁሉ ከፍሎ፣ ወር ተኩል ጠብቆ፣ በደላላ ወረቀት መውደቅ ምን ይሉታል?

"ታዲያ ካርድ ሳይኖረኝ እንዴት ልያዝ?"

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰው ወደ ደላላ የሚሄደው ውሸት ስለሚወድ አይደለም፣ መንገዱ ስለሚጠፋበት ነው። እዚህ በብር የምንጠቀምበት የኤቲኤም ካርድ ብዙውን ጊዜ የውጭ ድረ ገጽ ላይ አይሠራም። ባንክ ለጉዞ የውጭ ምንዛሪ የሚሸጥላችሁ ደግሞ ፓስፖርት፣ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ስታሳዩ ነው። ቪዛው አልጋ ይላል፣ አልጋው ካርድ ይላል፣ ካርዱ ቪዛ ይላል። ዙሪያ ጥምጥም!

አልጋና ቁርስ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። ትልቅ ሆቴል ውስጥ የሚመልስላችሁ ኮምፒውተር ነው፤ ካርድ ከሌለ ክፍል የለም። አልጋና ቁርስ ውስጥ ግን የሚመልስላችሁ ሰው ነው። እንዲህ ብላችሁ ጻፉላቸው፦ ማን እንደሆናችሁ፣ ለምን እንደምትመጡ፣ በየትኛው ቀን ገብታችሁ በየትኛው ቀን እንደምትወጡ፣ ካርዳችሁ ከቪዛ በኋላ እንደሚወጣ፣ እስከዚያ ክፍሉን ይዘው በጽሑፍ ማረጋገጫ ቢልኩላችሁ ስትደርሱ እንደምትከፍሉ፣ ቪዛ ከተከለከላችሁም በዚያው ቀን እንደምታሳውቋቸው። ስድስት መስመር ይበቃዋል። እንግሊዝኛችሁ እንደ ሼክስፒር መሆን የለበትም፣ እውነት ይሁን እንጂ።

ለአምስት ቤት ጽፌ ሦስቱ መለሱልኝ። ሁለቱ እሺ አሉ፣ አንዷ ግማሽ ክፍያ ቀድሞ ካልመጣ አልችልም አለች። ሁለት እሺታ ከበቂ በላይ ነው፤ የምታድሩት አንድ አልጋ ላይ ነው።

ሌላው መንገድ ትልልቆቹ የማስያዣ ድረ ገጾች ላይ "ያለ ካርድ የሚያዝ"፣ "ስትደርሱ የሚከፈል"፣ "በነፃ የሚሰረዝ" የሚሉትን ምርጫዎች እያጣሩ መፈለግ ነው። ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም አሉ። እንዲህ የተያዘ አልጋ እውነተኛ ቡኪንግ ነው፤ ቆንስላው ቢደውል ስማችሁ ይገኛል። ዕቅዳችሁ ከተለወጠና ሌላ ቦታ ከያዛችሁ ደግሞ አዲሱን ማረጋገጫ አትማችሁ ያዙ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ "የት ነው የምታርፈው?" መባላችሁ አይቀርም።

ቪዛው ከወጣ በኋላ ባንካችሁን ጠይቁ። አንዳንድ ባንኮች የጉዞ ምንዛሪውን ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ካርድ ላይ ይሞሉላችኋል። ትንሽ ጥሬ ገንዘብም ያዙ፣ ትንንሽ ቤቶች አይጠሉትም።

ዘመድ ጋ ማረፍ

እዚህ ላይ የሚቆጡኝ እንዳሉ አውቃለሁ። "ዘመድ እያለ ሰው ቤት በገንዘብ ማደር ነውር ነው" ትላላችሁ። ዘመዱም ቅር ይለዋል ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ለመጀመሪያው ቀን ቅር ይለው ይሆናል።

ግን እስቲ የእነሱን ኑሮ እናስብ። ለንደን ውስጥ ብዙው ወገናችን የሚኖረው አንድ መኝታ ቤት ወይም አንድ ክፍል ተከራይቶ ነው። አንዷ የሌሊት ፈረቃ ሠርታ ጠዋት መጥታ ነው የምትተኛው። እናንተ ሳሎን ሶፋው ላይ ናችሁ፣ ሻንጣችሁ መተላለፊያው ላይ ነው፣ ጠዋት ተነስታችሁ ሻይ ስታፈሉ እሷ ያችን የአምስት ሰዓት እንቅልፍ ታጣለች። ከአከራዩ ጋር የፈረመችው ውል ከተወሰኑ ቀናት በላይ እንግዳ የማይፈቅድ ሊሆን ይችላል። እሷ ይሄን አትነግራችሁም። ይሉኝታ አለባት። "ኧረ ቤትሽ ነው!" ትላለች፣ እንደውም የሥራ ቀኗን አስቀይራ ሃይድ ፓርክ ታዞራችኋለች። እናንተ ተመልሳችሁ "እንግሊዝ ተለውጣለች፣ ፊቷ እንደ ድሮው አይደለም" ብላችሁ ታወራላችሁ። እሷም ለሚቀጥለው ደዋይ ስልክ ማንሳት ትተዋለች። ስንት ዝምድና በሶፋ ምክንያት ቀዘቀዘ!

ዘመድ ጋ አትሂዱ እያልኩ አይደለም። ሂዱ፤ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ቆሎውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ቡና አስፈሉ፣ ቅዳሜን አብራችሁ ዋሉ። አንድ ሁለት ሌሊት እደሩ ካሏችሁም እደሩ። የሦስት ሳምንት ማደሪያ አድርጋችሁ ግን አትቁጠሯቸው። አቅራቢያቸው አልጋና ቁርስ ይዛችሁ በቀን ብትጎበኟቸው ፍቅሩም ይበረክታል።

አፈላለጉ

አንደኛ፣ ፍለጋችሁ ከካርታ ይጀምር። ጉዳያችሁ የት ነው? ስልጠናው የሚሰጥበትን ሕንፃ ካርታ ላይ አግኙት፣ ከዚያ በእግር ወይም በአንድ አውቶቡስ የሚደረስበትን ሰፈር ምረጡ። ርካሽ ብላችሁ የያዛችሁት ቤት በቀን ሁለት ባቡር የሚያስፈልገው ከሆነ ርካሽነቱ ትኬት ላይ ያልቃል።

ሁለተኛ፣ ድረ ገጾቹን ለመፈለጊያ ተጠቀሙባቸው፣ ከዚያ የቤቱን የራሱን ገጽ ፈልጉ። ማስያዣ ድረ ገጾቹ ከባለቤቱ ላይ በአማካይ 15 በመቶ አካባቢ ኮሚሽን ይወስዳሉ። በቀጥታ ስትጽፉላቸው ብዙዎቹ ትንሽ ቀንሰው ይሰጣሉ፣ ካልቀነሱም የተሻለውን ክፍል ይሰጧችኋል።

ሦስተኛ፣ የዋጋውን አጻጻፍ አንብቡ። አንዳንዱ ቤት በክፍል ይጽፋል፣ አንዳንዱ በሰው ይጽፋል። "ፐር ፐርሰን ፐር ናይት" ካለ ለሁለት ስትሆኑ እጥፍ ነው። ብቻችሁን ከሆናችሁ ደግሞ ባለ ሁለት ሰው ክፍሉን ስለያዛችሁ ጭማሪ የሚጠይቁ አሉ።

አራተኛ፣ መታጠቢያው። "ኤን ስዊት" ማለት መታጠቢያና መጸዳጃው ክፍላችሁ ውስጥ ነው። "ሼርድ ባዝሩም" ካለ ከሌላ እንግዳ ጋር ትጋራላችሁ፣ ዋጋው ግን ይቀንሳል። ንጹሕ ከሆነ መጋራቱ ምንም አይደለም፤ ከዚህ የባሰውን ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ አሳልፋችኋል።

አምስተኛ፣ አስተያየቶችን ስታነቡ ከመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት ጀምሩ፣ በተለይ ዝቅተኛ ነጥብ የሰጡትን። አንድ ሰው "ደረጃው ጠባብ ነው" ቢል ቀላል ነው፤ የእንግሊዝ አሮጌ ቤት ደረጃ ጠባብ ነው፣ ሻንጣችሁን ቀነስ አድርጉ። ሦስት ሰው "ሞቅ አይልም" ካለ ግን እመኑ። ለእኛ ከብርድ የባሰ ጠላት የለም።

ስድስተኛ፣ ሌባ። አንድ ባለቤት ድረ ገጹ ላይ ሲያገኛችሁ "እዚህ አትክፈሉ፣ በሌላ በኩል በሐዋላ ላኩልኝ" ካለ ጥላችሁ ውጡ። "ካርዳችሁ አልሠራም፣ በዚህ ሊንክ ቁጥሩን ድጋሚ ሙሉ" የሚል መልእክት ከመጣም እንዲሁ። የቤቱን ፎቶ ጉግል ላይ በምስል ፈልጉ፤ ያው ፎቶ ሌላ ከተማ በሌላ ስም ከመጣ ቤቱ የለም። መንገዱንም በጉግል ካርታ የመንገድ ዕይታ ተመልከቱት፣ ቁጥር 14 ተብሎ የጎማ መሸጫ ሊሆን ይችላል። ስኮትላንድ ውስጥ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 2023 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ቤቶች ፈቃድ ማውጣት አለባቸው፤ ማስታወቂያቸው ላይ የፈቃድ ቁጥር መኖሩን እዩ።

የቤቱ ሥርዓት

ሰዓቱን ልብ በሉ። "ቼክ ኢን 4 ፒኤም፣ ቼክ አውት 10 ኤኤም" ብለው ሲጽፉ በእኛ አቆጣጠር መግቢያው ቀን 10 ሰዓት፣ መውጫው ጠዋት 4 ሰዓት ነው። ቁጥሮቹ ስለሚገለባበጡ ስንቱ ተምታቶበታል። አውሮፕላናችሁ ጠዋት የሚያርፍ ከሆነ ቀድማችሁ ጻፉላቸው፤ ክፍሉ ባይደርስ እንኳ ሻንጣችሁን ያስቀምጡላችኋል። ሌሊት የምትደርሱ ከሆነ የግድ አሳውቁ። በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ዘበኛ የለም፣ ሴትዮዋ ተኝታለች።

ፓስፖርት ሲጠይቋችሁ አትደንግጡ። እ.ኤ.አ. የ1972 ደንብ አለ፤ ማደሪያ ቤት ሁሉ 16 ዓመት የሞላው እንግዳን ስምና ዜግነት መመዝገብ አለበት። እንደኛ ያለ የውጭ ሰው የፓስፖርት ቁጥሩንና ቀጥሎ የሚሄድበትንም ይጠየቃል። ቁጥሩን ይጽፋሉ፣ ፓስፖርቱን ይመልሳሉ። የሚያስቀር ካለ ለምን በሉ።

ቁርስ። እነሱ "ፉል ኢንግሊሽ" የሚሉት ከባድ ነው፦ እንቁላል፣ ቋሊማ፣ የአሳማ ሥጋ፣ በቲማቲም ስጎ የተሠራ ባቄላ፣ እንጉዳይ፣ የተጠበሰ ቲማቲም፣ ቶስት፣ ሻይ። ስኮትላንድ ውስጥ ደግሞ "ብላክ ፑዲንግ" የሚባል ጥቁር ክብ ነገር ይጨመራል፤ ከደም ነው የሚሠራው። ክርስቲያንም ሙስሊምም ብትሆኑ ሳታውቁ እንዳትበሉት። ከመድረሳችሁ በፊት ጻፉላቸው። ሙስሊም የሆናችሁ ሐላል ካልሆነ ሥጋ እንደማትበሉ ግለጹ። ረቡዕና ዓርብ ወይም በአጽዋማት የምትሄዱ ኦርቶዶክሶች የጾምን ሕግ ከአዳም ጀምራችሁ አታስረዱ፤ "ቪጋን" በሉ፣ በደንብ ይገባቸዋል። ባቄላው፣ እንጉዳዩ፣ ቲማቲሙና ቶስቱ ያለ ቅቤ ቀርቦላችሁ ትጠግባላችሁ። እስከ ስድስት ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ በትሕትና ጠይቁ፣ ዳቦና ፍራፍሬ ቋጥረው የሚሰጡ አሉ። እንደዚህ የጠገበ ቁርስ የበላ ሰው ምሳውን በፖም ያልፋል፣ ይሄም ገንዘብ ነው።

ክፍላችሁ ውስጥ ማፍያ፣ ሻይና ስኳር ታገኛላችሁ፤ ነፃ ነው። ግን በእናታችሁ፣ ክፍል ውስጥ ቡና እንዳትቆሉ! ጣሪያው ላይ የጭስ ደወል አለ። ዕጣንም እንደዚሁ። ሰፈሩን በሙሉ ፒጃማ እንደለበሰ ታስወጡታላችሁ።

"ይሄ ሁሉ ግን ብር ነው"

አዎ፣ ብር ነው። ደመወዜን ስለምታውቁት አልዋሻችሁም። አልጋና ቁርስ ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም። ለንደን መሐል ከርካሽ ሆቴል ሊወደድ ይችላል። ኤድንብራ ደግሞ ነሐሴ ላይ (በእነሱ ኦገስት) ከእ.ኤ.አ. 1947 ጀምሮ የሚካሄደው ፌስቲቫል ስላለ ዋጋው ሰማይ ይነካል፣ አልጋም ይጠፋል። ቀኑን መምረጥ የምትችሉ ከሆነ ያንን ወር ሽሹ፣ ካልቻላችሁ ከወራት በፊት ያዙ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ለተማሪና ለመምህር የሚሆን አንድ መላ ግን ልንገራችሁ። የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው ለዕረፍት ሲወጡ፣ በተለይ በክረምታችን ወራት፣ የተማሪ ክፍሎቻቸውን ለመንገደኛ ያከራያሉ። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ውስጥ ያሉ ኮሌጆች ያደርጉታል፤ ለንደን ውስጥም የለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ማደሪያዎች አሉ። ክፍሉ ቀላል ነው፦ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ መብራት። ኦክስፎርድ ውስጥ ግን ቁርሳችሁን የምትበሉት በአንዳንዱ ኮሌጅ የዘመናት ሥዕል በተሰቀለበት የመመገቢያ አዳራሽ ነው። መምህር ለሆነ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ሆቴል አለ? በጋራ ክፍል የምትተኙባቸው ሆስቴሎችም ከሁሉ ይረክሳሉ፤ ወጣት ከሆናችሁ አትናቋቸው።

ከገንዘቡ ሌላ የምታገኙት

ባዝ ያሳደሩኝ ሴት ዕድሜያቸው ገፍቷል። ከኢትዮጵያ ነኝ ስላቸው የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጠው "ፌርፊልድን አይተሃል?" አሉኝ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከእ.ኤ.አ. 1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩት እዚያው ባዝ ነው። ፌርፊልድ የሚባለውን ቤት ገዝተው ኖሩበት፣ ከነፃነት በኋላም በ1958 ለከተማው አረጋውያን እንዲሆን ሰጡት። ሴትዮዋ የአውቶቡሱን ቁጥርና የት እንደምወርድ በወረቀት ጻፉልኝ። ሆቴል ውስጥ ብሆን ይሄን ማን ይነግረኛል? ከሰው ቤት የሚገኘው ይሄ ነው። ቁልፍ ከሳጥን አውጥቶ የገባ ሰው ይሄን አያገኝም።

ለዚህ ነው አልጋና ቁርስን የቁጠባ ዘዴ ብቻ አድርጋችሁ አትዩት የምለው። በደላላ ወረቀት የሄደ ሰው እየፈራ ይሄዳል። የዘመድ ሶፋ ላይ ያለ ሰው እየተሳቀቀ ያድራል። በራሱ ስም አልጋ የያዘ ሰው ግን በሩን አንኳኩቶ፣ ስሙን ተናግሮ፣ ቀና ብሎ ይገባል። "የት ነው የምታርፈው?" ሲባል አድራሻውን በቃሉ ይናገራል። ከአገር የወጣ ሰው ከምንም በላይ የሚያስፈልገው ይሄ ቀና ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ይሄ ነገር ለእኛም አገር ይሆናል። ሐረር ጀጎል ውስጥ ጥንታዊ የሐረሪ ቤታቸውን ለእንግዳ ከፍተው፣ መደቡ ላይ አስቀምጠው ቁርስ የሚያበሉ ቤተሰቦች አሉ። ያደረበት ፈረንጅ ዕድሜ ልኩን ያወራዋል። ልጆቻቸው ወጥተውላቸው ሰፊ ቤት የቀራቸው ስንት ወላጆች ጎንደር፣ ጅማ፣ ደሴ አሉን? የእግዜር እንግዳን ስንቀበል የኖርን ሰዎች ነን። ንጹሕ አንሶላ፣ ሙቅ ውኃ፣ የሚዘጋ በርና ጥሩ ቁርስ ከጨመርንበት የማንም ተማሪ አንሆንም። ተማሪዎቼ፣ ስትሄዱ ይሄንንም አይታችሁ ኑ።

እናንተስ? ውጭ አገር ያደራችሁ፣ ወይም እዚያው እየኖራችሁ እንግዳ የምትቀበሉ፣ ልምዳችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልን። በተለይ ጣሊያን፣ ጀርመንና ኬንያ ያላችሁ፣ የምትጽፉት ለሚቀጥለው ልጅ መንገድ ነው። ለጉዞ የሚዘጋጅ ሰው የምታውቁ ደግሞ አጋሩት፤ ደላላው ጋ ሳይደርስ ይድረሰው።

መልካም መንገድ!